ሽጉጥ ረዥም ዘመን እንዲያገለግል እንዴት ሊያዝ ይገባዋል?

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በፊርማው ከሚረከባቸው ንብረቶች መካከል በመጠኑ ትንሽ፥ በኀላፊነቱ ግን ከባድ የሆነው ሽጉጥ ነው። የቢሮ ማተሚያ ቢበላሽ ደብዳቤው አንድ ቀን ይዘገያል፤ አውቶሞቢል ቢቆም መንገደኛው ሌላ ይሳፈራል። ሽጉጥ ግን ለብዙ ዓመታት በማኅደሩ ውስጥ ተቀምጦ፥ ምናልባት በተረካቢው የሥራ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ፥ ያውም ለጥቂት ሴኮንዶች የሚፈለግ መሣሪያ ነው። በዚያች ሰዓት እንቢ ቢል የሚጠፋው ንብረት ሳይሆን ሕይወት ነው። ባልተፈለገበት ሰዓት ቢተኩስ ደግሞ የሚጠፋው ያው ሕይወት ነው። ስለዚህ ሽጉጥን መንከባከብ ብረትን ከማሳመር ያለፈ ጉዳይ መሆኑን አስቀድመን ልናስገነዝብ እንወዳለን።

ብዙ ሰዎች የሽጉጥ ዕድሜ የሚወሰነው በሠሪው ፋብሪካ ስም ነው ይላሉ። እኛ ግን ታሪኩን ስንመለከት ሌላ ነገር እናገኛለን። ሽጉጥን የሚያቆየው በዋጋ አነስተኛ የሆኑትን ክፍሎች በጊዜያቸው እየለወጡ፥ ዋና የሆነውን አካል ከጉዳት ማዳን ነው። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆነን የአሜሪካንን ባለ 45 ሽጉጥ ታሪክ እንመርጣለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ያለ አዲስ ግዢ አርባ ዓመት

ይህን ሽጉጥ የፈለሰፈው በ1855 በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ የተወለደው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ነው። በመጋቢት 1911 ለውድድር በቀረበ ጊዜ ከአንድ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰበት። በየ1,000ው ጥይት እየተጸዳና ዘይት እየተቀባ ፈተናውን ያለ አንዳች መሰናክል ፈጸመ፤ ተወዳዳሪው የሳቬጅ ሽጉጥ ግን በዚያው ፈተና 37 ጊዜ ተሰናከለ። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሽጉጡን ተቀበለው። በስሙም ላይ የዓመቱ ቁጥር ስለ ገባበት እስከ ዛሬ 1911 እየተባለ ይጠራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮልት ብቻውን የሠራዊቱን ፍላጎት ሊያሟላ ስላልቻለ ሥራው ለሌሎችም ተከፋፈለ። የጽሕፈት መኪና ሠሪው ሬሚንግተን ራንድ ከሁሉ የበለጠውን ቁጥር ሠራ። የባቡር ሐዲድ ምልክት መሣሪያዎችን የሚሠራ ኩባንያም ተካፋይ ሆነ። በየቤታችን በልብስ ስፌት መኪናው የምናውቀው ሲንገር ደግሞ በ1941 ለሙከራ 500 ሽጉጦችን ሠርቶ አስረክቧል። ከእነዚህ ፋብሪካዎች የተጠየቀው ዋና ነገር የአንደኛው ሠሪ ክፍል በሌላው ሽጉጥ ላይ ያለ ችግር እንዲገጥም ነበር።

የዚህ ጥቅም የታየው ከጦርነቱ በኋላ ነው። መንግሥቱ እስከ 1945 ድረስ ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሽጉጦችን ከተረከበ በኋላ አዲስ ማዘዝን አቆመ። ሆኖም ሽጉጡ በኮሪያና በቬየትናም ጦርነቶች አገልግሎ፥ በ1985 የኢጣሊያው ቤሬታ እስኪተካው ድረስ የሠራዊቱ ዋና ሽጉጥ ሆኖ ቆየ። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው ሽጉጦቹ በየጊዜው እንደ ሮክ አይላንድና እንደ ኦገስታ ወዳሉት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቶች እየተመለሱ ስለሚታደሱ ነው። በዚያም ክፍሎቹ ሁሉ ተፈታትተው ይመረመራሉ፤ ያረጀው ሞላ ይጣላል፤ የተበላ አፈሙዝ ይለወጣል፤ የብረቱም ገጽ እንደ ገና ዝገት እንዳይዘው ሆኖ ይሠራል። የሬሚንግተን አካል የኮልትን ላይኛ ክፍል ለብሶ መውጣቱ የተለመደ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኀይል እግረኛ ወታደሮች ባለሙያዎችም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከእነዚሁ አሮጌ ሽጉጦች ጤነኛውን አካል እየመረጡ፥ ሌላውን በአዲስ እየተኩ፥ ለልዩ ጓዶቻቸው ያስታጥቁ ነበር። በ2012 ደግሞ አዲስ ሽጉጦች ታዘዙላቸው።

እንግዲህ ከ40 ዓመት በላይ የኖረው ምንድን ነው ብንል፥ መልሱ አካሉ ነው። ሌላው ሁሉ በየተራው አገልግሎ ቦታውን ለአዲስ ለቋል።

ሽጉጡ እንዴት ይሠራል?

እንክብካቤውን በትክክል ለመረዳት አሠራሩን በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ሽጉጥ በከፊል አውቶማቲክ ይባላል፤ ይኸውም ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፥ የሚቀጥለውን ግን ራሱ ያጎርሳል ማለት ነው። እጀታው ያለበትን የታችኛውን ክፍል አካል፥ በላዩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰውን ክፍል ደግሞ ተንሸራታች ብለን እንጠራለን።

ጥይቱ በተተኮሰ ጊዜ አፈሙዙና ተንሸራታቹ ተያይዘው ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እርሳሱ ወጥቶ የጋዙ ግፊት ሲቀንስ፥ ከአፈሙዙ ሥር ያለችው ትንሽ ማያያዣ አፈሙዙን ወደ ታች ስባ ከተንሸራታቹ ታላቅቀዋለች። ተንሸራታቹም ብቻውን ጉዞውን ቀጥሎ፥ በጥፍሩ የያዘውን ባዶ ቀለህ ይጥላል፤ መቺውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለውንም ሞላ ይጨምቃል። የተጨመቀው ሞላ ተመልሶ ሲዘረጋ ተንሸራታቹን ወደ ፊት ይገፋል፤ በመንገዱም ከጥይት ካዝናው ላይ አዲስ ጥይት ወስዶ ያጎርሳል።

ከዚህ እንደምንረዳው የመመለሻው ሞላ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ ተንሸራታቹን ይመልሳል። ሁለተኛ፥ ብዙዎች የማያስቡት፥ ወደ ኋላ የሚወረወረውን ብረት ያበርዳል። ሞላው በደከመ ጊዜ ተንሸራታቹ በሙሉ ኀይሉ እየመጣ አካሉን ይመታዋል። ሽጉጡ መተኮሱን ስለማያቋርጥ ባለቤቱ ነገሩን አያውቅም፤ አካሉ ግን በእያንዳንዱ ጥይት ይጎዳል።

ሞላን በጊዜው መለወጥ

ለባለ 45ቱ ትልቅ ሽጉጥ የተመደበው የመመለሻ ሞላ ኀይሉ 16 ፓውንድ፥ ማለት 7 ኪሎ ከሩብ ያህል ነው። ብዙ ባለሙያዎች ከ2,000 እስከ 3,000 ጥይት ከተተኮሰ በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ። በዚያው ጊዜም መርፌውን የሚመልሰውን ትንሽ ሞላ አብሮ መለወጥ መልካም ነው። የተወገደውን ሞላ ከአዲሱ ጎን ቢያስቀምጡት አጥሮ ይታያል። ቀለሁ ከቀድሞው ይልቅ ርቆ የሚወድቅ ከሆነም ሞላው መድከሙን ያመለክታል።

አንዳንድ ሰዎች ደካማ ሞላ መጥፎ ከሆነ ጠንካራው ይሻላል ብለው፥ ከተመደበው በላይ የከበደ ሞላ ያስገባሉ። ይህ ስሕተት ነው። ከመጠን በላይ የጠነከረ ሞላ ተንሸራታቹን ሙሉ ጉዞውን እንዳይጨርስ ያግደዋል፤ ወደ ፊት ሲመልሰውም አፈሙዙንና የአካሉን ፊተኛ ክፍል አለአግባብ ያስመታቸዋል። ሠሪው የወሰነውን መጠን መጠበቅ ከሁሉ ይበልጣል።

ጥይቱ ስንት እንደ ደረሰ ለማወቅ ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሽጉጥ አንዲት ትንሽ ደብተር ትዘጋጅ፤ በእርስዋም የተተኮሰበት ቀን፥ የጥይቱ ብዛት፥ የጥይቱ ዓይነት፥ የታየው መሰናክልና የተለወጠው ክፍል ይመዝገብ። በግምት የሚሠራ ሰው ሞላውን የሚለውጠው ሽጉጡ ከተሰናከለ በኋላ ነው። የሚመዘግብ ሰው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ይላል።

ከመፍታት በፊት ባዶነቱን ማረጋገጥ

ስለ ጽዳት ከመናገራችን በፊት ከሁሉ የሚቀድመውን እንናገር። በጽዳት ጊዜ ለሚደርሰው አደጋ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም ካዝናው ከወጣ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ብሎ ማሰብ ነው። ካዝናው ቢወጣም የጎረሰው ጥይት በቦታው ይቀራል። የ1911ን ሽጉጥ ደግሞ ካዝናው በሌለበት ጊዜ እንዳይተኩስ የሚከለክለው ነገር የለውም። ምላጩ ከተሳበ ይተኩሳል።

ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ። መጀመሪያ ካዝናው ይውጣ፤ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይውደቅ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፥ ማለት ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹ ቢሳብ፥ አንዱ ጥይት ወጥቶ ሌላው ይተካል። ከዚያ በኋላ መጉረሻው በዓይን ይታይ፤ በትንሽ ጣትም ይዳሰስ፤ ይህ ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ይደገም። ጥይቶቹም ጽዳቱ ከሚሠራበት ክፍል ወጥተው ሌላ ዘንድ ይቀመጡ። ይህን ለመፈጸም አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ጽዳትና ዘይት

ቀድሞ የተሠራው የ1911 ሽጉጥ ለተራ ጽዳት ያለ መሣሪያ በእጅ ይፈታል። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የሞላ መክደኛ በሚያላቅቁበት ጊዜ ግን በአውራ ጣት አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሞላው ተወርውሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

አፈሙዙ የሚጸዳው ከበስተኋላው፥ ጥይት ከሚገባበት በኩል ነው። ዘንጉ በፊተኛው ጫፍ በኩል ከገባ የጫፉን ጠርዝ ይፍቀዋል፤ እርሳሱን በመጨረሻ የሚለቀው ይህ ጠርዝ ስለሆነ በተጎዳ ጊዜ ሽጉጡ ዒላማውን ይስታል። በማጽጃ ፈሳሽ የተነከረ የነሐስ ብሩሽ ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይጠረግ። የጥፍሩ ሥርና የተንሸራታቹ ውስጠኛ ፊት ጥቀርሻ የሚከማችባቸው ቦታዎች ስለሆኑ በተለይ ይታዩ።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌ ጥይት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የአሜሪካ ባለ 45 የጦር ጥይት እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በእሳት ጫሪው ውስጥ ፖታስየም ክሎሬት ነበረበት። ይህ ነገር ሲቃጠል እንደ ገበታ ጨው ያለ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ ጨውም ከአየሩ እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝጋል። ዘይትም ሆነ ላምባ ጨውን አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። ስለዚህ ከግምጃ ቤት የወጣ አሮጌ ጥይት የተኮሰ ሰው በዚያው ቀን አፈሙዙን በሙቅ የሳሙና ውሃ አጥቦ፥ ፈጽሞ አድርቆ፥ ከዚያ በኋላ ዘይት ይቀባ። ዛሬ የሚሠራው ጥይት በአብዛኛው ይህ ችግር የለበትም።

ዘይትን በሚመለከት ደንቡ ጥቂት ነው፤ ብረት በብረት ላይ በሚንሸራተትበት ሁሉ ጠብታ ይግባ፥ በሌላው ቦታ እንደ ጤዛ የሳሳ ሽፋን ይበቃል። ተንሸራታቹ የሚመላለስባቸው ሐዲዶች፥ የአፈሙዙ ውጭያዊ ገጽ፥ አፈሙዙን ከተንሸራታቹ ጋር የሚያቆራኙት ጥርሶችና ማያያዣዋ ዘይት ይፈልጋሉ። በመርፌው መንገድ፥ በካዝናው ውስጥና በጥይቱ ላይ ግን ዘይት አይግባ። በመርፌው መንገድ የገባ ዘይት ከጥቀርሻ ጋር ጠጥሮ መርፌውን ያዘገየዋል፤ ጥይቱን የነካው ዘይት ደግሞ ወደ እሳት ጫሪው ሰርጎ ጥይቱን ሊያመክነው ይችላል።

የአገሩ ጠባይም ይታሰብ። አቧራ በበዛበት ቆላ ከመጠን በላይ የፈሰሰ ዘይት አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላል፤ በዚያ ዘይቱ ቀንሶ ጽዳቱ ይደጋገም። በባሕር ዳርቻና በዝናም ወራት ጠላቱ ዝገት ስለሆነ፥ ባይተኮስም እንኳ በየሳምንቱ ተመርምሮ በዘይት ጨርቅ ይታሽ። ላብ ያለበት እጅ የነካው ብረትም በዚያው ቀን ይጠረግ።

ካዝናና ጥይት

ሽጉጥ ሲሰናከል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የካዝናው ነው። የካዝናው ከንፈሮች ጥቂት ቢጣመሙ ጥይቱ አቅጣጫውን ስቶ ይገባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካዝና ላይ ቁጥር ይጻፍበት፤ መሰናክል ሲደርስ የየትኛው ካዝና እንደ ሆነ በደብተሩ ይታወቅ። ሁልጊዜ የሚያስቸግር ካዝና በመዶሻ አይቃና፤ ይለወጥ። በደንብ የተሠራ የካዝና ሞላ የሚደክመው ተጨምቆ በመቀመጡ ሳይሆን በተደጋጋሚ በመመላለሱ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት መጥፎ ልማዶችን እንጠቅሳለን። አንደኛው ጥይትን በእጅ መጉረሻው ውስጥ አኑሮ ተንሸራታቹን በላዩ መልቀቅ ነው። የ1911 ጥፍር የጥይቱን ከንፈር የሚይዘው ጥይቱ ከካዝናው እየወጣ ከሥሩ ሲንሸራተት ነው፤ በላዩ እንዲዘል አልተሠራም። ይህ በተደጋገመ ጊዜ ጥፍሩ ይላላል ወይም ይሰበራል። ሁለተኛው አንዱን ጥይት በየቀኑ ማጉረስና ማውጣት ነው። በዚህ ጊዜ እርሳሱ በጥቂት በጥቂት ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋል፤ ባሩዱም ቦታ ሲጠበው በተተኮሰ ጊዜ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ከጓደኞቹ አጥሮ የሚታይ ጥይት ተለይቶ ይመለስ እንጂ አይተኮስ።

ምን ጊዜ ወደ ባለሙያ?

ተረካቢው ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለ፤ ሊሠራው የማይገባም አለ። ማጽዳት፥ ዘይት መቀባት፥ የመመለሻውን ሞላ መለወጥና መመዝገብ የእርሱ ነው። ከምላጩ ጋር የሚያያዙትን ክፍሎች በሞረድ መንካት ግን የእርሱ አይደለም፤ ምላጩን ለማለስለስ የተፋቀ ክፍል ሽጉጡን ሳይፈለግ እንዲተኩስ ሊያደርገው ይችላል። በአካሉ ሐዲዶች ወይም በተንሸራታቹ ማቆሚያ ቀዳዳ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከታየ፥ አፈሙዙም ያበጠ መስሎ ከታየ፥ ሽጉጡ በዚያው ሰዓት ከአገልግሎት ወጥቶ ለመሣሪያ ባለሙያ ይሰጥ።

በቤት ውስጥ

ይህ ገጽ በቤተ ሰብ ስለሚነበብ ስለ ቤት ጥቂት እንጨምር። ሽጉጥ በምግብ ገበታ ላይ አይጸዳ። የእርሳሱ ትቢያ በተለይ ሕፃናትን የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ፥ ጽዳቱ መስኮት በተከፈተበት ስፍራ ይደረግ፤ የጽዳቱ ጨርቅ ይጣል፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ለረዥም ጊዜ የሚቀመጥ ሽጉጥ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አይተው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የቀረበትም መድኃኒት ብረቱን ያዝገዋል፥ የጥይቱንም ቀለህ አረንጓዴ ያደርገዋል። ደረቅ በሆነ፥ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ዘይት የነካው ጨርቅ ለብሶ ይቀመጥ፤ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ ለብቻው። ከትራስ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን በላይ የተደበቀ ሽጉጥ ከልጆች ተደብቋል ብሎ የሚያምን አባት፥ ልጆቹ ቤቱን ከእርሱ ይልቅ እንደሚያውቁት ያስብ።

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ሲጠቃለል ብዙ ድካም የለበትም። ከተኮሱ በኋላ በዚያው ቀን ማጽዳት፤ ባይተኮስም በየጊዜው መመርመር፤ በተወሰነው የጥይት ብዛት ሞላውን መለወጥ፤ ሁሉንም መጻፍ ነው። ከጦርነቱ ዘመን የቀሩት የ1911 ሽጉጦች በ2018 በሕግ ተፈቅዶ ለአሜሪካ ሲቪሎች መሸጥ ሲጀምሩ፥ ከተሠሩ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ብዙዎቹ ስማቸው የማይታወቅ በርካታ ተረካቢዎችን አሳልፈዋል። ዛሬ በእጃችን ያለውም ሽጉጥ ነገ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ከሽጉጡ ጋር ደብተሩን አብሮ ቢረከብ፥ ሞላው ስንት ጥይት እንደ ተሸከመ በመጀመሪያው ቀን ያውቃል፤ ሕይወቱንም በግምት ላይ አይጥልም።